ባልተሠራ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች

ገና ባልተሠራ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። የትንሿ የመንዝ ከተማችን የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነው። ብርዱና ጭቃው ለእኛ ነው፤ እሱ ውሎ የሚያድረው ፕላኑ ውስጥ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የጋሽ ተሰማ የገብስ ማሳ የመኖሪያ መንደር ይሁን ወይስ ይቅር ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። መሐንዲሱ ፕላኑን ግድግዳው ላይ ሰቀለና በለሆሳስ ይተርክልን ጀመር።

«እዚህ ጋ አስፋልት ያልፋል። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ ደግሞ…»

ጉሙ በመስኮት እየገባ ነበር። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም መብራቱን በጉሙ ውስጥ ያየሁት መሰለኝ።

ሰብሳቢው «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲል ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የማን ይመስላችኋል? የባለማሳው የጋሽ ተሰማ! ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ እጃቸውን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው አወረዱት።

«ምነው፣ መሬቱ እኮ የእኛ ነው» አሏቸው።

«ረስቼው» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው።

 ጉዳዩም ገብሱ እስኪታጨድና ባለይዞታዎቹ መክረው እስኪወስኑ ድረስ እንዲቆይ ተባለ። መሐንዲሱ ከተማውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ።

ስንመለስ ከባልና ሚስቱ ጋር በማሳው ዳር አብረን ሄድን። ጋሽ ተሰማ ቆም ብለው ገብሱን ሲያዩ ቆዩና «የእኛ ቤት ቆርቆሮው ቀይ ቢሆን ይሻላል» አሉ።

 ጥቂት እንደሄድን እትዬ ብርቄ፣ ዓይናቸውን ከገብሱ ሳይነቅሉ፣ «በረንዳም ያስፈልገዋል» አሉ።