የገንፎው ባለቤት

በየገበያው አንድ ዓይን አፋር ሻጭ አይጠፋም። ዕቃውን ገና ሳይነጋ ተሸክሞ ይመጣል፤ ገዢ ሲቀርበው ግን የሰረቀው ይመስል ይሸፋፍነዋል። ዋጋ ሲጠየቅ ምላሱ ይተሳሰራል። ዕቃው ሲመሰገንለት ደግሞ «ኧረ ይሄ ለሰው የሚሆን አይደለም» ብሎ የገዛ ራሱን ገበያ ይዘጋል። የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ፣ የዓይን አፋሮች ንግሥት፣ የተከበሩት ዐፊፋ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎረቤቶቿ «አንቺ» ስለሚሏት ግን እኛም እንደነሱ እንላታለን።

ዐፊፋ የኖረችው በሺህ ስምንት መቶ ዘጠናዎቹ ግድም፣ አሶሳ ገበያ ላይ የጨው ቁራጭና ዶቃ እንደ ገንዘብ ያገለግሉ በነበረበት ዘመን ነው። ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ታላቅ ወንድም ረጀብ፣ አዛኝነቱን ራሱ የሚመሰክር ሰው፣ ጓዟን ጠቅልላ ከእሱ ግቢ እንድትገባ ወሰነላት። እዚያ መግባት ማለት ለሚስቶቹ ውሃ መቅዳትና እህል መፍጨት ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ራሴን ችዬ ከቤቴ ልኑር» ብላ ለመነችው።

«በምን ችለሽ?» አላት።

ያም ሆኖ ረጀብ እስከ አዝመራ ድረስ ታገሣት፤ እስከዚያ ራሷን መቻሏን ካላሳየችው መጥቶ ሊወስዳት።

የሚያውቁላት አንድ ሙያ ነበራት፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ መረቅ። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ጨው ጭነው የሚመጡ አህያ ነጂዎች ገበያው ዳር በረሃብ ሲንገላቱ ታያለች። ችግሩ ሌላ ነበር። በእሷ ሰዎች ዘንድ መንገደኛ ይበላል እንጂ አይከፍልም፤ ለእንግዳ ምግብ መሸጥ ዐይብ ነው፣ ነውር። እህል ይሸጣል፣ ማር ይሸጣል፣ ወርቅም ይሸጣል። የበሰለ ገንፎ ግን ማን ሸጦ ያውቃል?

የመጀመሪያው ቀን ማሰሮዋን ከቀርቀሃ አጥር ጀርባ ደብቃ፣ ጨርቅ አልብሳ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች። ጁምዓ የሚባል አህያ ነጂ አፍንጫው መርቶ አመጣው።

«ማሰሮው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያውዳል?»

ሰጠችው። ጠግቦ ጨው ሊቆርስላት ሲል ፊቷ ጋለ። «ተወው፣ እንግዳ ነህ» አለችው። መረቃት። ተከትለውት የመጡትም በሉና መረቋት። ባዶ ማሰሮና የዓመት ምርቃት ተሸክማ ቤቷ ገባች። በሚቀጥለውም ገበያ እንደዚያው ሆነ። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» እያለች ጎተራዋን ታያለች፤ ማሽላው ወደ ታች እየወረደ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ገበያ ጁምዓ ጨውን ሲያወጣ ምላሷ ያላሰበችውን አመጣ።

«ገንፎው የኔ አይደለም። ኸድራ የምትባል ሴት ናት የላከችኝ። ሳልቀበል ብሄድ ትገድለኛለች።»

ኸድራ የምትባል ሴት በዚያ አካባቢ ኖራ አታውቅም። ጁምዓ ግን ከፈለ። ዐፊፋም ነፍሷ መለስ አለላት።

ንግዱ ሰመረ። ኸድራም በየገበያው ክፋቷ እየጨመረ ሄደ። ንፉግ ሆነች፤ ከመንገደኛ አፍ የምትነጥቅ ሆነች፤ «ይቺ ሴት እናቷንም ታስከፍላለች» ተባለ። ጁምዓ በጉርሻ መሃል «አላህ ይይላት» ይላል። ዐፊፋም ጨውን እየተቀበለች «አሚን፣ ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም» ትላለች። ማን እየተሰደበ እንደሆነ ታውቃለችና ይህን ስትል ዓይኗን ከማሰሮው አታነሳም። ስድቡ አብሯት ቤቷ ይገባል።

አዝመራው ደረሰና ረጀብ ራሱ ገበያ ወጣ። በላተኞቹ ፊት መጥቶ ቆመ።

«የወንድሜ ሚስት ለማትታወቅ ሴት ገረድ ሆነች ሲሉኝ አላመንኩም ነበር» አለ። «ማገልገልሽ ካልቀረ ዘመዶችሽን አገልግይ። ማሰሮውን ለሴትዮዋ መልሺና ተነሺ።»

ዐፊፋ ልትነሳ ቃጣት። ዝም ብላ ብትሄድ ከሀፍረቷ ትገላገላለች፤ ቤቷ ግን ከእጇ ይወጣል። ብትናገር ያ ሁሉ እርግማን መጥቶ እሷ ላይ ያርፋል።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ገንፎው የኔ ነው። ኸድራ የምትባል ሰው የለችም። የማስከፍላቸው እኔ ነኝ።»

ገበያው ጸጥ አለ ማለት ውሸት ነው፤ አንድ አህያ ያናፋ ነበር። በማሰሮው ዙሪያ የተቀመጡት ግን እጃቸውን ገቱ። ጁምዓ ቀስ ብሎ፣ «ያን ሁሉ ጊዜ እኮ ስሰድብሽ ነበር» አለ።

«እኔ ከአንተ የባሰ ሰድቤያታለሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ጁምዓ አሰብ አደረገ። «ብንሰድብም መብላቱን የተወ የለም» አለና ቅሉን ዘረጋላት። «ጨምሪልኝ።»

ረጀብ ሊቆጣ አስቦ ነበር። ዳሩ ግን ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ባሚያ አጠገብ ቆሞ ብዙ መቆጣት አይሆንለትም። ተቀመጠ። ዐፊፋ ለባል ወንድም እንደሚገባ በሁለት እጇ አቀረበችለት። በላ፣ አስጨመረም። ከዚያ አፉን ጠራርጎ ተነሳ፤ «በረካ ይሁንልሽ» ብሎ ሊሄድ ዞረ።

ዓይን አፋር የሆንን ሁሉ ይህችን ሴት የምንወዳት ቀጥሎ ስላደረገችው ነገር ነው። አንገቷን ደፋች። ሀፍረቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር፤ እንዲያውም ዘመድ በመሆኑ ባሰ። ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች መዳፏን ዘረጋች። ረጀብ መዳፏን አየ፤ እሷን አየ። ጠበቀችው፤ እጇን አልሰበሰበችም።

ረጀብ ከመታጠቂያው ጨው ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረና ብቻውን ወደ ቤቱ ሄደ።