አዋጁና የእትዬ መርፌ ጨጓራ

ምክር ቤቱ ለድሃ አረጋውያን ያለው ፍቅር እንዲህ በቀላሉ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። ለዚህም ነው ከጧት እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ ማታ የተነገረው።

በዚያ ቀን የሚጸድቀው፣ አቅም ያጡ አረጋውያን ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት በነፃ እንዲያገኙ የሚደነግግ አዋጅ ነበር። ለአዳራሹ ማድመቂያ አንዲት ድሃ አረጋዊት ተፈለጉና እትዬ መርፌ ተገኙ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ጨጓራቸው ደግሞ እሳቸውን ለመጨረስ ጥቂት የቀረው ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ «ተጠቃሚ» የሚል ባጅ አንጠልጥለው ከፊት አስቀመጧቸው።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚታደለው?» አሉ አስተናጋጇን።

«መጀመሪያ ንግግር ነው፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በንግግሩ ላይ አስተያየት።»

ሰብሳቢው ለአዋጁ ክብር የተዘጋጀውን ምሳ፣ ለአዋጁ ክብር ሲሉ ደጋግመው አንስተው በልተው ነበር። እትዬ መርፌን ምሳ የጋበዘ አልነበረም፤ ጨጓራቸውን ላለማስቆጣት ነው።

«አረጋውያን የቤታችን ምሰሶ ናቸው!» አሉ ሰብሳቢው። «ምሰሶ ሲታመም ጣሪያው...» ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ቃር ጉሮሯቸውን ያዘው። ሆዳቸውን ጨብጠው መናገሪያው ላይ ተደፉ። ማይክራፎኑ የሆዳቸውን ጩኸት በታማኝነት ለጉባኤው አሰማ፤ ከኋላ የተቀመጡትም የንግግሩ ማጠቃለያ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«የጨጓራ መድኃኒት ያለው!» ተባለ። የመድኃኒት አዋጅ የሞላው አዳራሽ አንዲት ፍሬ መድኃኒት ታጣበት።

እትዬ መርፌ የመሐረባቸውን ቋጠሮ በእጃቸው ዳበሱ። ውስጡ ያለችው ፍሬ የማታቸው ናት። ሰጥተው ቢያድሩ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ያውቁታል። ግን ሰው እያቃሰተ ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም፤ ተነሱ።

«እንኩ ጌታዬ፣ ይዋጧት።»

ሰብሳቢው አፈጠጡ። «ግማሽ ናት እኮ!»

«በመቀስ ቆርጫት ነው። ሙሉውን ያዘዘው ሐኪሙ ነው፤ ግማሹን ያዘዘው ኪሴ ነው።»

ሰብሳቢው ዋጡ። ጥቂት ቆይተው አገሡ፤ ማይክራፎኑ ይህንንም አላለፈው። ፊታቸውም ፈካ።

«አዋጁ ሳይጸድቅ ፈወሰ!» ብለው ምክትላቸው ብድግ አሉ። ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

«እንግዲያው የማታዋን ይተኩልኛ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ መርፌ።

«ምን ጥያቄ አለው፣ እማማ! በሕግ ይተካል።» ሰብሳቢው ከተግባር የሚማሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ወደ ጉባኤው ዞሩ። «የተከበራችሁ አባላት! ግማሽ ፍሬ እኔን የሚያክል ሰው ማዳኗን በዓይናችሁ አይታችኋል። እንግዲህ እንደ እማማ ለቀጠነ ሰው ሩቧ ከበቂ በላይ ናት። አዋጁ በዚሁ መሠረት ይሻሻል። የሚቃወም?»

አንዲት እጅ ወጣች፤ የእትዬ መርፌ።

«ተጠቃሚ ድምፅ አይሰጥም» አሉ ሰብሳቢው በትሕትና።

ሩብ ፍሬዋም በሙሉ ድምፅ ጸደቀች።