ስሜን በሌዘር ቅረጽልኝ

ስሙ ካልተጻፈበት ስጦታ መስጠት የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሮቤ ላይ ማተሚያ ቤት ስላለኝ እንጀራዬን የምበላው በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቢሮ ኃላፊ ፔርሙዝ ይዘው መጡ። የሚሸለሙት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናና ወረዳ ላይ ስንዴ ያመረቱ ሽማግሌ። ፔርሙዙ ከመጋዘን የወጣ ስለሆነ የቀድሞው ኃላፊ ስም በሌዘር ተቀርጾበታል።

«ይሄን አጥፋልኝ» አሉኝ።

«የተቀረጸ አይጠፋም፤ የሚለቀው ስቲከር ነው።»

ይሄን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው የእኔንም ስም ከነማዕረጌ ቅረጽልኝ። የሽማግሌውን በስቲከር ለጥፈው።»

«ፔርሙዙ ሲታጠብ የኦቦ ገመቹ ስም ቢለቅስ?»

«እሳቸው ስማቸውን ያውቁታል።»

መልሱን ለማሽኔ ተውኩት። የኦቦ ገመቹን ስም ከቀድሞው ኃላፊ ስም በላይ አግዝፌ ቀረጽኩት። የአዲሱን ኃላፊ ስም ከነማዕረጉ በስቲከር አሳምሬ ከታች ለጠፍኩ።

ሲያዩት ደማቸው ፈላ። «ሌላ ማተሚያ ቤት እወስደዋለሁ» አሉ።

«ይውሰዱት» አልኳቸው። «የሽማግሌውን ስም ማንም አያጠፋውም። የእርስዎን ግን ኦቦ ገመቹ ካልፈለጉት በጥፍራቸው ያነሱታል።»