ጋሽ ሬዲዮና ክፍተት የሌለው ሞርስ

ወሬኛ ሳይኖርበት የተከፈተ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም፤ ቢከፈትም በማግስቱ ይቀጠርለታል። የኛው ክቡር ጋሽ ሬዲዮ ናቸው። መዝገብ ቤት ጎን ለጎን ስንቀመጥ አራት ዓመታችን ነው፤ በአራቱም ዓመት እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ ልበልና ዝም እላለሁ» ይላሉ። ዝም ሲሉ ያየ ግን የለም። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ሐኪሙ አፍዎን ይክፈቱ ቢላቸው፣ ከፍተው የወንድማቸውን ጥርስ ታሪክ ጀመሩለት። ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሰጥቶ ሸኛቸው። አንድ ቀን ደግሞ ቤት ደውለውልኝ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ልብስ አጥቤ ተመለስኩ፤ መሄዴንም አላወቁ።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ሊከፍት የፕሮግራም ትምህርት ሲያስጀምር፣ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተፈተኑ ተባልን። ዕጣዬ ከማን ጋር እንደወጣ መናገርም አያስፈልግ። ካለፍኩ ከመዝገብ ቤቱ አቧራ ወጥቼ አዲሱ ክፍል እገባለሁ፤ ከወደቅኩ ጡረታዬም እዚያው ነው። ጥያቄው ቃል ተቀብሎ እያንዳንዱን ፊደል በሞርስ ኮድ፣ በድሮው የቴሌግራም ምልክት፣ ወደ ነጥብና ጭረት የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፉ ይላል።

ኪቦርዱን ጋሽ ሬዲዮ ያዙት። እያወሩ ጻፉ፣ እየጻፉ አወሩ። ሲጨርሱ ነጥቡና ጭረቱ እንደ ጉንዳን ተያይዞ ስክሪኑን ሞላው። አንዱ ፊደል የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም። ልነግራቸው አፌን ብከፍት «አንድ ነገር ብቻ ልበል» አሉ። አሥር ደቂቃ ቀርቶናል። ቢቸግረኝ በወረቀት ጻፍኩላቸው፦ «ጋሼ፣ መሃል ላይ ክፍተት ካልተዉ ማንም አይገባውም።»

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ምንም ሳይናገሩ አንዲት መስመር ጨመሩ፤ ፊደሎቹ ተለያዩ፤ አለፍን።

አዲሱ ክፍል በገባን ቀን ሰላምታ ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ከዚያ ጸጥ አሉ። ደስ ብሎኝ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ለካ ሌላ የምለው የለኝም። እስከ ምሳ ሰዓት ደጋግሜ ወደ እሳቸው ዞር ስል ቆየሁ።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አይ፣ ክፍተት እየተውኩልሽ ነው፣ ልጄ።»

አንጀቴን በሉት። እውነቱን ለመናገር፣ አጠገቤ ተቀምጠው ናፍቀውኛል።

«የወንድምዎ ጥርስ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። እስከ መውጫ ሰዓት አልጨረሱም፤ እኔም አልቸኮልኩም።