እየጮኸ የቆመው ማሽን

ደብረ ብርሃን መሃል መንገድ ላይ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስልኩን አውጥቶ «ዛሬ ብርድ አለ እንዴ?» ብሎ የሚያይ ሰው አውቃለሁ። አትሳቁ፤ እኔው ራሴ ነኝ። ከተማችን እንኳን ሰውን ድንጋይንም ታንዘፈዝፋለች፤ ግን ጊዜው ሆነና ቆዳችን የነገረንን ስክሪን ካላጸደቀው አናምንም።

የምሠራው ከከተማው ዳር ባለች የሱፍ ክር ፋብሪካ ነው፤ በኤሌክትሪክ ጥገና። አምና በየማሽኑ ላይ የፍጥነት ሴንሰር ተተከለ። ሴንሰር ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው። ከማሽኑ ከሚሽከረከረው ባለ ጥርስ ብረት ሥር ተጠግቶ ይቆምና ጥርስ ባለፈ ቁጥር ይቆጥራል፤ ቆጠራውንም በሥራ አስኪያጃችን ስልክ ላይ ያደርሳል። አስኪያጃችን ክፉ ሰው አይደሉም። ስልካቸውን ግን ከነፍስ አባታቸው ይልቅ ያምናሉ።

ይኸው ስልክ ነው ጋሽ ዘውዴን ጉድ ሊሠራቸው የተነሣው። ጋሽ ዘውዴ የጎረቤላ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ማሽናቸውን «እንዴት አደርሽ» ሳይሉ ሥራ የማይጀምሩ። የእሳቸው ማሽን በስልኩ ላይ የቀኑን እኩሌታ «ዜሮ» ይል ጀመር። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ሦስተኛው ስንብት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ማን ይቀጥራቸዋል?

አንድ ቀን አስኪያጁ እኔን አስከትለው መጡ። ማሽኑ ጆሮ እስኪበጥስ ያጓራል።

«ለምን ቆመ?» አሉ። ጋሽ ዘውዴ አልሰሙም። አስኪያጁ ጆሯቸው ሥር ገብተው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር፣ «ማሽኑ ቆሟል እኮ!» ብለው ጮኹ።

«ከቆመ ታዲያ ምን ያስጮህዎታል፣ ጌታዬ?» አሉ ጋሽ ዘውዴ በትሕትና።

እኔም የተቆለለውን ክር ለአስኪያጁ አሳየኋቸው። «የትናንት ይሆናል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «መርምረህ ሪፖርት ጻፍ። ማሽኑ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰውየው ነው።»

ሽፋኑን ስከፍት መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ሴንሰሩ ለብሷል! በእጅ የተሰፋች፣ በክር የታሰረች የሱፍ ኮፍያ። ኮፍያዋ ሴንሰሩን ከያዘው ማቀፊያ ገፍታ ከጥርሱ አርቃዋለች፤ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ሴንሰሩ ጠጋ ይልና ይቆጥራል፣ ሲሸሽ ዜሮ ይላል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠዋት ጠዋት ስነካው በረዶ እየሆነ አሳዘነኛ! የፈረንጅ ዕቃ የኛን ብርድ የት ያውቀዋል ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። አጠፋሁ እንዴ?»

እውነቱን ብጽፍ «የድርጅቱን ንብረት ነካክቷል» ተብለው በዚያው ቀን ይሰናበታሉ። ኮፍያዋን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፤ ሴንሰሩን አስጠግቼ አሰርኩትና «በከተማው ብርድ ተጎድቶ በስህተት ዜሮ ሲል ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ቅጥፈት ናት፤ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ ከስሶ ያልታመነ ሰው የለም።

እኔም ታመንኩ። ከመጠን በላይ ታመንኩ። የጋሽ ዘውዴ ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ፤ በማግስቱ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ የሁሉም ማሽን ሴንሰር ከብርድ እንዲጠበቅ በሱፍ ይሸፈን! መርፌ የሚያውቅ ሲጠየቅ እጃቸውን ያወጡት ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ። ልናገር ብል እሳቸውን ላስበላ ነው፤ ዝም ብል ፋብሪካውን። ዝም አልኩ፤ ፈሪ ነኝ።

ከመጀመሪያዋ ወፈር ያሉ ኮፍያዎች ተሰፍተው በየሴንሰሩ ተጠለቁ። ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው እያጓራ ሳለ በአስኪያጁ ስልክ ላይ አንድም የሚንቀሳቀስ ማሽን ጠፋ። ከቢሯቸው እየሮጡ ወጡ። ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ማሽን ይሽከረከራል፤ በየማሽኑ ሥር አንድ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰዉን አዩ። ሠላሳ ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ወረቀቱም ወኔውም ያነሳቸው ይመስለኛል፤ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሴንሰሮቹን እስቲ እይልኝ» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ኮፍያ የሰፋውን ማንም አልጠየቀም፤ ትእዛዙ የራሳቸው ነዋ!

አንድ ማሽን ዜሮ ሲል የሚመረመረው ሰውየው ነው፤ ሁሉም ዜሮ ሲሉ ግን ሴንሰሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለካ ለጥፋትም ይሠራል።