አባ መቃን ሳይታከኩ ስም የጻፉበት ዕለት

በዘመነ እከክ በዘጠነኛው ዓመት፣ በሦስተኛው የሬጅስትራር ኃላፊ ዘመን፣ ለምረቃው አራት ቀን ሲቀረው፣ ዕለቱ ሐሙስ ሳለ፣ የሙያ ማሠልጠኛው ስም ጸሐፊ፣ እጀ ቀጥ፣ ዓይነ ስል፣ የሰውን ስም ከነአባቱ አክባሪ፣ ፈረስ ባይኖራቸውም የፈረስ ስማቸው አባ መቃን የተባለው ጌታ፣ የብዕራቸውን ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ወለወሉ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩ፣ ደግመው ወለወሉ። በፊታቸው ስልሳ የምስክር ወረቀቶች ተጽፈው ተደርድረዋል። ያልተጻፈባት አንዲት ብቻ ቀርታለች።

አባ መቃን የተባሉበት ነገር እንዲህ ነው። ከግራ ትከሻቸው አጥንት በታች፣ ከአከርካሪያቸው ሦስት ጣት ርቃ፣ ስፋቷ ግማሽ መዳፍ የምታህል አንዲት አውራጃ አለች። ይህች አውራጃ ከላይ በትከሻ በኩል የሚዘምት እጅ የማይደርስባት፣ ከታች በወገብ በኩል የሚወጣውም በአንድ ስንዝር የሚቀርባት፣ ተፈጥሮ ራሷ አምባ ያደረገቻት ናት። እከክ የሰጠ አምላክ ጥፍር አይነሳም ይባላል። እውነት ነው፣ ጥፍር አልተነሡም፤ ክንድ ግን አጠራቸው። ስለዚህ በሸፈተችባቸው ቁጥር ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ለአላፊ አግዳሚው መንገድ የሚለቁ መስለው የበሩን መቃን ይደገፉና፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ ቀና፣ ሸብረክ ቀና ያደርጉ ነበር። በዘጠኝ ዓመትም የሬጅስትራሩ በር ግራ መቃን ቀለሙ ለቀቀ፣ እንጨቱም ለስልሶ እንደ መስተዋት አበራ። ከዕለታት አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን አስቀምጣ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ጋሼ፣ ይሄን መቃን እኔ ትቼዋለሁ። እርስዎ አሉለት።» ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና።

በዚህ ዘመን በአውራጃይቱ ላይ የዘመቱት ብዙዎች ናቸው። ከቤት ወገን የእንጨት ማንኪያ፣ የፀጉር ብሩሽ፣ የተሰበረ ጃንጥላ እጀታና የባለቤታቸው አሥር ጥፍር፤ ከመሥሪያ ቤት ወገን ደግሞ የታይፒስቷ ባለ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ በሁለት ጫፉ ይዛ እንደ መጋዝ የምትስበው የፋይል ገመድ፣ ሌላ ሁሉ ሲያቅት ደግሞ የጥበቃው ዱላ። ከእነዚህ ሁሉ ታይፒስቷ በቅንነት የምትበልጥ፣ አቅጣጫ በመለየት ግን የምታንስ ነበረች። ማስመሪያዋን ይዛ በቆመች ጊዜ ሁሉ አባ መቃን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውጁ ነበር፦ «ወደ ላይ። ትንሽ ወደ ግራ። የኔ ግራ! አለፍሽው። ተመለሽ። እ... እ... እሷው ናት... አይ፣ ሄደች።» ከራሳቸውም በላይ በግድግዳው ላይ «በዚህ ቢሮ እከክልኝ ልከክልህ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል የሥነ ምግባር ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበርና፣ ባለጉዳዮች በመስኮቱ ማስታወቂያውንና ማስመሪያውን ባንድነት እያዩ ፈገግ ብለው ያልፉ ነበር።

ወእምዝ በአራተኛው ዓመት ወደ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሟ ልጃቸውን የምታህል ነበረች። ጀርባቸውን በመብራት መረመረች፣ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገች፣ አንገታቸውንም ወዲህ ወዲያ አዙራ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባቴ፣ ቆዳዎ ምንም የለበትም። ከአከርካሪዎ የሚወጣው ነርቭ ነው የተነካው። በላኝ ብሎ ለጭንቅላትዎ የሚነግረው እሱ ነው። ቢያኩት ቢያኩት እዚያ የሚያገኙት ነገር የለም። አይገድልም። ግን አብሮዎት ይኖራል።» አውራጃይቱ ከቶ ሸፍታ እንደማታውቅ በዚያ ቀን ታወቀ። እርሷ በሰላም ተኝታ ሳለች፣ ሐሰተኛው መልእክተኛ በመንገድ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ «ሸፈተች!» እያለ ወደ ራስ ይሮጥ ነበር። ሐኪሟም ከበርበሬ የሚሠራ ቅባት አዘዘች፤ ባለቤታቸው ቀቧቸው፤ ቀብተውም እጃቸውን ሳይታጠቡ ዓይናቸውን አሹ። በዚያ ዘመቻ ከሁለቱ ወገን የቆሰለ ቢኖር የባለቤታቸው ቀኝ ዓይን ብቻ ነው።

እኒህ ባለቤታቸው፣ ባለ አሥር ጥፍር፣ በኩርፊያቸው አጭር፣ በሳቃቸው ረጅም፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው ተነሥተው በዚያው ማሠልጠኛ በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ክፍል የተመዘገቡ ናቸው። ጎረቤት «በዚህ ዕድሜሽ ከሽቦ ጋር ምን አጣላሽ?» ቢላቸው፣ ልጆቻቸው ቢስቁባቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ እየወጡ ሲማሩ ኖሩ። መማር በጀመሩ በሁለተኛውም ዓመት ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባትሪና ሽቦ ዘርግተው ሲያጠኑ፣ አባ መቃን ማንኪያ ይዘው «እስቲ እዚች ጋ» እያሉ ቢመጡባቸው፣ ካቻቪቴያቸውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ገና ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አምፖል ነው ለካ የምወለውለው! አምፖሉ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሽቦው ጋ ነው። መስመር ኃይል እያለው ደግሞ እጅ አይሰደድም። ኃይሉ ዝቅ እስኪል እጅህን ሰብስበህ ትጠብቃለህ። አስተማሪያችን እንደዛ ነው ያሉን።» ይህን ብለው ካወጁም በኋላ ማንኪያውን ተቀብለው አከኩላቸው። አባ መቃንም ትምህርቱን ረሱት፤ ማከኩን ግን አልረሱም።

በስምንተኛው ዓመት ግን ታላቅ ጥፋት ሆነ። አባ መቃን የአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ተመራቂ የአባት ስም ሲጽፉ ሐሰተኛው መልእክተኛ ድንገት ደረሰባቸውና ጀርባቸውን ሰበቁ። ብዕሩም ከአባትየው ስም ተነሥቶ እንደ ጅራፍ እስከ ማኅተሙ ድረስ ሄደ። በዚያ ዓመት ሦስት ወረቀት ተበላሸ። ወረቀቱ ቁጥር ያለው፣ ምትኩ በደብዳቤ ተጠይቆ ከወራት በኋላ የሚመጣ ነበርና፣ ሦስት ተመራቂዎች መድረክ ላይ ወጥተው ባዶ ወረቀት በሪባን ታስሮ ተሰጣቸው። የቧንቧ ሠራተኛው እናት ያንን ሪባን ፈትታ ውስጡን ስታይ አባ መቃን ከአዳራሹ ኋላ ቆመው አይተዋታል።

ስለዚህ በዘጠነኛው ዓመት ኃላፊው ይህን ማስታወቂያ አስለጠፉ፦ «ዘንድሮ ስልሳ አንድ ተመራቂ፣ ስልሳ አንድ ወረቀት፤ ትርፍ የለም። አንዲት ከተበላሸች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ስም የሚጽፈው ፕሪንተሩ ይሆናል።» ፕሪንተሩም ከማዕዘኑ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ለብሶ፣ ከጨርቁ ሥር አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ ዙፋን እንደሚጠብቅ ወራሽ ተቀምጦ ነበር።

አባ መቃን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስልሳ ስም ሳያበላሹ ጻፉ። የቀረችው የባለቤታቸው ናት። በዝርዝሩ ላይ ዘጠነኛ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን «እጄ ይሟሟቅ፣ የእርሷስ ከሁሉ ይመር» ብለው እየዘለሉ ከመጨረሻ አደረሷት። ፍቅር ያሳሳታቸው እዚህ ላይ ነው። ወንበር ላይ ብዙ በተቀመጡ መጠን ነርቩ እንደሚነሣ ከእርሳቸው የሚበልጥ የሚያውቅ የለምና። ባለቤታቸውም በዚያ ቀን ጧት ከበር ሲለያዩ እንዲህ ብለው አውጀው ነበር፦ «እኔ ልሙት፣ የኔ ስም ላይ ከተወራጨህ ከዛሬ ጀምሮ ጀርባህ ከማንኪያው ጋር ይኑር!» ስቀውም ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው፣ ሳይስቁ፣ «የሰው ሳቅ ችዬ የተማርኩት ነው። ባዶ ወረቀት እንዳታሸክመኝ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብዕራቸውን ከቀለሙ ነከሩ። ታይፒስቷ መምታት አቆመች። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ቀለም መምጠጫውን ይዛ ቀረበች፤ ጥበቃውም ነፋስ እንዳይገባ በሩን ዘጋ። የባለቤታቸው የራሳቸው ስም ያለ አንዳች ሁከት ተጻፈ። የአባታቸው ስም ተጀመረ። ሁለተኛው ፊደል እግሩ ረጅም ነበርና፣ አባ መቃን ያንን እግር ከላይ ወደ ታች እየሳቡ ግማሽ ሲደርሱ፣ መልእክተኛው መጣ።

መጀመሪያ አንድ ጉንዳን ብቻውን መጣ። ቀጥሎ ጉንዳኑ ዘመዶቹን ጠራ። ከዚያም ዘመዶቹ የጋለ መርፌ ይዘው መጡ። የፊደል እግር ከተጀመረ መሐል ላይ አይቆምም፤ ቢቆም ቀለሙ ሁለት መልክ ያወጣል። ትከሻቸው ወደ ኋላ ሊሄድ ፈለገ፤ ከለከሉት። የግራ እግራቸው ጣቶች በጫማቸው ውስጥ ተጨበጡ፤ እነርሱን ተዉአቸው። የፊደሉን እግር እስከ መጨረሻው ስበው አወረዱና ብዕሩን አነሡ።

በዚህ ጊዜ በሠራዊቱ መካከል ክርክር ሆነ። ታይፒስቷ ማስመሪያዋን መዝዛ «ጋሼ፣ ልምጣ?» ስትል አወጀች። ወይዘሮዋ «ተይ! አንቺ ሁሌ ቀኙን ነው የምታኪው፣ እጃቸውን ታናውጪያለሽ!» ስትል አወጀች። ጥበቃውም «በሩን ልክፈተው እንዴ? መቃኑ ነጻ ነው» ሲል አወጀ።

አባ መቃን ወደ መቃኑ አዩ። መቃኑም ያበራ ነበር። ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ ሸብረክ ቀና ብለው ይመለሳሉ። ነገር ግን አንዴ ከታከኩ ማከኩ ሌላ ማከክ እንደሚጠራ፣ ታክኮ የተመለሰ እጅም ለሩብ ሰዓት እንደሚንቀጠቀጥ ያውቁ ነበር፤ አምና የቀሩት ሁለት ወረቀቶች የተበላሹት በዚሁ ነው። ያን ጊዜ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ትዝ አላቸው። ብዕራቸውን ጠርገው አስቀመጡ። ሁለት እጆቻቸውንም ሰብስበው ከጠረጴዛው ላይ አኖሩና በቀስታ «አምፖሉ ደኅና ነው» ሲሉ አወጁ። ታይፒስቷም ቀና ብላ የጣራውን አምፖል አየች፤ እውነትም ደኅና ነበር።

ጠበቁ። መልእክተኛው ጮኸ፤ ሰሙት፣ ጦር ግን አልላኩም። ይበልጥ ጮኸ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ጦር አልላኩም። ጨርሶ ዝም አላለም፤ የዘመኑን ታሪክ ስንጽፍ አንዋሽም። ነገር ግን ድምፁ ከጩኸት ወደ ማጉረምረም ሲወርድ ብዕራቸውን አንሥተው ሦስተኛውን ፊደል ጻፉ። ደግመው ጠበቁ። አራተኛውን ጻፉ። ጠበቁ። በሌላ ቀን በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ስም አርባ ደቂቃ ፈጀ። የአያት ስም የመጨረሻዋ ፊደል ስትዘጋ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን እንደያዘ የታወቀው፣ ሁሉም ባንዴ በተነፈሰ ጊዜ ነው።

ኃላፊው መጥተው ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡ፣ ከላይ እስከ ታች አዩ፣ እግሩ የረዘመውን ፊደልም ትኩር ብለው ተመለከቱ። ኋላም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስልሳ አንድ። ደኅና። ከርሞም ጋሼ ይጻፉ። ያ ፕሪንተር የስብሰባ ማስታወቂያ ያትም።» ታይፒስቷም ሄዳ ሶኬቱን ነቀለች፤ አረንጓዴውም ብርሃን ጠፋ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባለቤታቸው ቱታቸውን እንደለበሱ፣ ካቻቪቴው ከኪሳቸው ብቅ እንዳለ መጡ። ከተቀጣሪ በቀር ሰው ወደ ሬጅስትራር አይገባም፤ ጥበቃው ግን በዚያች ሰዓት የሚያየው ነገር በጓሮ በኩል አገኘ። ባለቤታቸው ወረቀቷን ሳይነኩ፣ ጣታቸውን ከስማቸው በላይ በአየር ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቀለሙ መድረቁን አይተውም በሁለት እጃቸው አንሥተው ከደረታቸው አስጠጓት። «ይህቺ እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ። አንድ እጃቸው ወረቀቷን እንደያዘ፣ ሌላው ሳይታዘዝ ወደ አባ መቃን ጀርባ ሄዶ፣ ከግራው ትከሻ አጥንት በታች፣ ከአከርካሪው ሦስት ጣት ርቆ፣ አንዳች ሳይስት ዐረፈ። አባ መቃንም «ችግሩ ሽቦው ጋ ነው ብለሽ አልነበር?» ሲሉ አወጁ። ባለቤታቸውም የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ዝም በል። አምፖሉም አንዳንዴ ይወልወል።»

እንግዲህ ምሽግ ሳይሰብሩ ያሸነፉ፣ እጃቸውን ሰብስበው የዘመቱ፣ የሐሰተኛውን ጩኸት እየሰሙ ጦር ያልሰደዱ፣ የስልሳ አንድ ሰው ስም ከነአባቱ ቀጥ አድርገው ያቆሙ አባ መቃን ክብራቸው ይስፋ፤ መቃናቸውም ሳይወለወል ያብራ። እርሳቸው ግን ይህን ምስጋና አልሰሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው «ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ፣ በዳበሳ የቀለሙን ጠርሙስ ከድነው ወደ ጎን አኖሩት።