በጀርባው የወደቀው ኤሊ

(ቡልጋሪያ፣ ሐምሌ፣ ፀሐይ አናት ላይ። በወይን ተክል መሐል አንድ ኤሊ በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹን ያወራጫል። ሽማግሌው ግሮዝዳን፣ መድኃኒት የሞላ የወይን መርጫ፣ ማንገቻውን ደረቱ ላይ ቆልፎ፣ በጀርባው እንዳዘለ፣ የጎረቤቱን የቬልኮን ክንድ ይዟል።)

ግሮዝዳን፦ አትንካው አልኩህ!

ቬልኮ፦ ኧረ ጋሼ፣ ተጠብሳ ልትሞት ነው እኮ!

ግሮዝዳን፦ ደግሞ “ልትሞት” ይለኛል! ወንድ ነው። ሆዱ ጎድጎድ ያለ ኤሊ ወንድ ነው።

ቬልኮ፦ ምናልባት ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ይሆናል።

ግሮዝዳን፦ አንተ ጅል፣ አፈጣጠሩ ነው! ከሌላ ወንድ ጋር ተጣልቶ ነው የተገለበጠው። በሴት።

ቬልኮ፦ ያሸነፈውስ?

ግሮዝዳን፦ ሄደዋ!

ቬልኮ፦ ከሴቷ ጋር?

ግሮዝዳን፦ ታዲያ ከማን ጋር ይሂድልህ?

ቬልኮ፦ (በሐዘን) እንግዲያው ይሄ ምን ብሎ ይነሣል!

ግሮዝዳን፦ ዝም ብለህ ተማር። ኤሊ የሚነሣው በአንገቱ ነው። ራሱን ያወጣል፣ መሬት ላይ ይተክላል፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ግልብጥ!

ቬልኮ፦ (ጎንበስ ብሎ) አንገቱን ልሳብለት?

ግሮዝዳን፦ እጅህን ሰብስብ!

ቬልኮ፦ አፈሩ እኮ ልል ነው ጋሼ፣ እግሩ የሚገፋው ነገር የለም። (ድንጋይ አንከባሎ ከኤሊው ጎን ያስጠጋል።)

ግሮዝዳን፦ ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው? ሊቀመጥበት?

(ኤሊው አንገቱን ያወጣል፤ ይወዛወዛል፤ እግሩ ድንጋዩን ያገኛል። ገፋ ያደርግና ተገልብጦ በእግሩ ይቆማል። ዞር ብሎም ሳያይ ወደ ጥላው ያዘግማል።)

ቬልኮ፦ እሰይ! እሰይ የኔ ጀግና!

ግሮዝዳን፦ አላልኩህም? አንገት ነው! እየው፣ እንዲህ አድርጎ ነው ወደ ኋላ... (አንገቱን ወደ ኋላ ሲቀለብስ መርጫው ይስበዋል። በጀርባው ዘጭ!)

ቬልኮ፦ ጋሼ! ተጎዱ እንዴ?

ግሮዝዳን፦ ምን እጎዳለሁ። ራሴ እነሣለሁ።

ቬልኮ፦ በአንገትዎ?

ግሮዝዳን፦ (እጅ እግሩን እያወራጨ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ) መሬቱ ነው... መሬቱ አልተመቸኝም።

ቬልኮ፦ በግራ በኩል ይሞክሩት እስቲ።

ግሮዝዳን፦ (እያለከለከ) ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዘዴ ፈልግ እንጂ!

ቬልኮ፦ ጋሼ፣ የኤሊው ቅርፊት ከገላው የተጣበቀ ነው፤ ቢጨንቀውም አያወልቀውም። የእርስዎ ግን ዘለበት አለው።